ርካሽ ጉልበት፣ ውድ ሸሚዝ



የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሠራተኛው በሚከፈለው መኖር አልቻለም፤ ሕግ ይደንገግለት» ይላል። ሌላው «ሕግ ከወጣ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ያቺን ትንሿን ደመወዝ የሚከፍልም አይገኝም» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ በርኅራኄና በሒሳብ መካከል የሚካሄድ ይመስላል። ለሠራተኛው የሚያዝን ወለሉን ይደግፋል፣ ሒሳብ የሚያውቅ ይቃወማል ተብሎ ይታሰባል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ሒሳቡን ይዤ ነው። ደመወዝ ከፍ ሲል ከሠራተኛው እጅ የሚወጣው ሥራ ምን ይሆናል? ድርጅቱስ ምን ይለውጣል? የማወራው ስለዚህ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በጥናት የተተመነና ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል የደመወዝ ወለል ምርታማነትን አያጠፋም። ወለል በሌለበት ግን ባለሀብቱ ጉልበትን እንደ ርካሽ ዕቃ እያየ የማምረት ብቃቱን ሳያሻሽል ይቆያል፤ ይህም ውሎ አድሮ ራሱን ባለሀብቱን ይጎዳል። ይህን የምለው በሌላ አገር ልምድ ብቻ ተመርኩዤ አይደለም። በራሳችን አገር ያየነው ነገር አለ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው ታላቅ ነበር። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተባለ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ገባ፤ ከእስያ የመጡ አምራቾችም ሼድ ተረከቡ። አገራችን ለእነዚህ ባለሀብቶች ካቀረበቻቸው መሳቢያዎች አንዱና ዋነኛው የጉልበት ርካሽነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የሆኑት ፖል ባሬትና ዶሮቴ ባውማን-ፓውሊ ባወጡት ጥናት፣ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደሆነና ይህም ልብስ ለዓለም ገበያ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጻፉ። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና 326 ዶላር ተመዝግቧል። ለአንዲት ቻይናዊት ሰፊ በሚከፈለው ገንዘብ አሥራ ሁለት የሐዋሳ ልጆች ይቀጠሩ ነበር ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ሲታይ ይህን የሚያሸንፍ አገር የለም። ሼዱ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነበር። ያው ጥናት እንደዘገበው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየአሥራ ሁለት ወሩ መላ ሠራተኞቻቸውን ይተኩ ነበር። አምና የተቀጠረችው ዘንድሮ የለችም፤ ዘንድሮ የገባችውም ለከርሞ አትገኝም።

ይህ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነውና። በፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝን አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይሰፋውም። አንዷ ኮሌታውን፣ አንዷ እጅጌውን፣ አንዷ ኪሱን፣ ሌላዋ የቁልፉን ቀዳዳ እያለች በብዙ እጅ ያልፋል። ሠራተኞቹ ይህን አሰላለፍ ላይን ይሉታል። የላይኑን ፍጥነት የምትወስነው ጎበዟ ኦፕሬተር አይደለችም፤ ዘገምተኛዋ ናት። እጅጌ የምትገጥመዋ አዲስ ከሆነች ከእሷ ኋላ ያለችው ሥራ ፈትታ ትጠብቃለች፣ ከእሷ ፊት ያለችው የሰፋችው ደግሞ ይከመራል። አንዷ ከቀረች ሱፐርቫይዘሩ ከሌላ ቦታ ሰው ነቅሎ ያመጣል፤ የተነቀለችበትም ቦታ ይጓደላል። አዲስ ሠራተኛ እጇ እስኪፈታና የተሰጣትን ታርጌት መሙላት እስክትጀምር ወራት ይወስዳል። በእነዚያ ወራት የምታበላሸው ጨርቅ፣ ተፈትቶ እንደገና የሚሰፋው ልብስ፣ አሠልጣኟ የምታጠፋው ጊዜ ሁሉ ወጪ ነው። እጇ ተፈትቶ ልትጠቅም ስትል ትለቃለች። ድርጅቱ ከሌላ ሰው እንደገና ይጀምራል።

እስቲ ለማስረዳት ያህል ሁለት ፋብሪካ እናስብ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ለአንድ ሠራተኛ በወር 3,000 ብር ይከፍላል። ሠራተኛው በየጊዜው ስለሚለዋወጥበት ምርቱ ለአንድ ሰው ሲካፈል በቀን 10 ሸሚዝ ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ብንቆጥር 260 ሸሚዝ ይሆናል፤ በአንድ ሸሚዝ ላይ የሚያርፈው ደመወዝ 11 ብር ከ54 ሳንቲም ነው። ሁለተኛው ፋብሪካ 4,500 ብር ይከፍላል። ሠራተኞቹ ስለሚቆዩለትና እጃቸው የተፈታ ስለሆነ ለአንድ ሰው 18 ሸሚዝ ይደርሳል። በወር 468 ሸሚዝ፣ ለአንዱ ሸሚዝ 9 ብር ከ62 ሳንቲም ማለት ነው። አንድ ተኩል እጥፍ የሆነው ደመወዝ በሸሚዙ ላይ ሲቆጠር አነሰ።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ፋብሪካ ከደመወዝ ሌላ ምርት በዛ አነሰ ብሎ የማይቀንስ ወጪ አለው። የሼድ ኪራይ፣ የመኪኖቹ ብድር፣ የሰርቪስ አውቶቡስ፣ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ አለ። ይህ ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ በወር 6,000 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ፋብሪካ በአንድ ሸሚዝ ላይ 23 ብር ከ8 ሳንቲም ይጨምርበታል፤ ለሁለተኛው 12 ብር ከ82 ሳንቲም ብቻ። ድምሩን ስታዩት ደመወዝ የቆጠበው ባለሀብት እያንዳንዱን ሸሚዝ 12 ብር ገደማ አስወድዶ እየሰፋ ነው። ብዙ አሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የደመወዝ መዝገቡ በየወሩ ፊታቸው ስለሚቀርብ እያንዳንዷ ብር ትታያቸዋለች። ሥራ ፈትቶ የቆመው መኪና፣ የሄደችው ኦፕሬተር፣ የተበላሸው ጨርቅ ግን አንድ ላይ ተደምሮ በአንድ መዝገብ አይቀርብላቸውም።

«ሠራተኛው የለቀቀው በደመወዝ ሳይሆን የፋብሪካ ሥራ ባህል ስለሌለው ነው» የሚል አስተያየት በፓርኮቹ አስተዳዳሪዎች ዘንድ ደጋግሞ ይሰማል። ከገጠር የመጣች ልጅ በደወል መግባትና መውጣት፣ ሙሉ ቀን መኪና ላይ መቀመጥ እንደሚከብዳት አልክድም። ነገር ግን ሰዎች ለምን እንደሚለቁ በአገራችን በጥንቃቄ የተጠና ማስረጃ አለን። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች የአበባ እርሻ፣ የጫማ ፋብሪካና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሚገኙባቸው አምስት ድርጅቶች ሥራ የጠየቁ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በዕጣ መደቡ። አንዱ ክፍል የፋብሪካውን ሥራ አገኘ፤ አንዱ ክፍል ወደ 300 ዶላር የሚሆን ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። በዓመቱ መጨረሻ ፋብሪካ ከገቡት ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ለቀዋል። ፋብሪካው የሚከፍለው በየሰፈሩ ከሚገኘው ሥራ አይበልጥም ነበር፤ ጤናቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ደግሞ በዝቷል። ገንዘቡን ያገኙት በዚያ ዓመት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ አድጓል፤ ይህ ብልጫ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ጠፍቷል። ያም ሆነ ይህ ለቀው የሄዱት ሰዎች ሒሳብ ያውቃሉ። የተሻለ ነገር ሲያገኙ ሄዱ።

ከሐዋሳ ልጆች ፊት ለፊት ምን እንዳለም እንመልከት። አብዛኞቹ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ናቸው፤ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ይከራያሉ። ከደመወዛቸው ኪራይና አስቤዛ ተነስቶ ለቤተሰብ የሚላክ ነገር አይተርፍም። ኳታር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን ጨምሮ ለማንኛውም ሠራተኛ በወር 1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝ ደንግጋለች፤ አሠሪው ምግብና መኖሪያ ካላቀረበ ሌላ 800 ሪያል ይጨምራል። 1,000 ሪያል ወደ 275 ዶላር ነው፤ ከ26 ዶላሩ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ይህ ሕግ በተግባር በሁሉም ቤት ይከበራል አልልም፤ በዓረብ አገር የእኅቶቻችንን መከራ የማያውቅ የለም። ነገር ግን አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ምርጫዋን ስትመዝን ሚዛኑ በአንድ በኩል ምን ያህል እንደሚከብድ መረዳት አለብን።

የምግብም ነገር አለ። ሃርቪ ላይበንስታይን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በድሃ አገር ደመወዝ የሠራተኛውን ምግብ፣ ምግቡ ደግሞ ጉልበቱን እንደሚወስን አስረድቷል። ቁርስ ሳትበላ የገባች ልጅ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ እጇ ይዝላል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ሆኖም የንድፈ ሐሳቡ ጥቅም አንድ ነገር ማሳየቱ ነው። አሠሪው ብቻውን ደመወዝ ጨምሮ ሠራተኛውን ቢያበረታ፣ የበረታው ሠራተኛ ነገ ለሌላ አሠሪ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም የሚጠቀሙበትን ነገር ማንም ብቻውን አይጀምረውም።

ብቻውን የጀመረ ግን አለ፤ ታሪኩም በየትም ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1913 በዲትሮይት አጠገብ በሃይላንድ ፓርክ የነበረው የፎርድ ፋብሪካ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። ሥራው አሰልቺና አድካሚ ስለነበር ሰው አልቆይ አለ። 14,000 ያህል የሰው ኃይል ይዞ ለመቆየት ድርጅቱ በዚያ ዓመት ወደ 52,000 ሰው መቅጠር ነበረበት፤ የሠራተኛ ፍልሰቱ መጠን 370 በመቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 1914 ሄንሪ ፎርድ የቀን ክፍያውን ወደ 5 ዶላር ማለትም በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ፣ የሥራውንም ሰዓት ከዘጠኝ ወደ ስምንት እንደሚቀንስ አስታወቀ። ፍልሰቱ በዚያው ዓመት ወደ 54፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ 16 በመቶ ወረደ። የመኪናው ዋጋም መቀነሱን ቀጠለ። ፎርድን ለማወደስ አልመጣሁም። ጭማሪው ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ድርጅቱ ተቆጣጣሪዎችን በየሠራተኛው ቤት እየላከ አኗኗሩን ይመረምር ነበር፤ ሴቶች በመጀመሪያ አልተካተቱም። የሒሳቡ ትምህርት ግን የሚታበል አይደለም።

አስተዋይ አድማጭ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳት አለበት። ፎርድ የተጠቀመው ጎረቤቱ ከሚከፍለው በላይ ስለከፈለ ነው። ሕግ ወጥቶ ሁሉም እኩል ቢከፍል ብልጫው ይጠፋል፤ ታዲያ ሠራተኛው ለምን ይተጋል? ይህ በወለሉ ላይ ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በችኮላ መታለፍ የለበትም።

ከመልሱ አንዱ ክፍል በሐዋሳው ታሪክ ውስጥ አለ። የፋብሪካው ተፎካካሪ ጎረቤት ፋብሪካ ብቻ አይደለም። የቀን ሥራው፣ ጉልቱ፣ የሰው ቤት ሥራው፣ የዓረብ አገር ጉዞው ሁሉ ሠራተኛዋን ይጠራታል። ወለሉ ፋብሪካዎቹን በሙሉ አንድ ደረጃ ከፍ ሲያደርግ ከእነዚህ ጋር ያለው ርቀት ይለወጣል።

ሌላው ክፍል በጥናት የታየ ነው። ዴቺዮ ኮቪዬሎ፣ ኤሪካ ዴሴራኖና ኒኮላ ፐርሲኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት ውስጥ የእያንዳንዱን ሻጭ የሽያጭ መዝገብ መረመሩ። ዝቅተኛው ደመወዝ በአንድ ዶላር ከፍ ሲል የአንድ ሻጭ የሰዓት ሽያጭ በ4.5 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የሚሰናበተውም ሰው ቀነሰ። በሕግ የመጣ፣ ለሁሉም የደረሰ ጭማሪ ነው፤ ያም ሆኖ ሠራተኛው ተጋ። ግን ጥናቱ ሌላም ነገር አለው፤ ይህንን የወለል ደጋፊዎች ደብቀን ማለፍ የለብንም። ክትትሉ በላላበት ቦታ ምርታማነት ወረደ። ደመወዝ ብቻውን ተአምር አይሠራም ማለት ነው። ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ሱፐርቫይዘር፣ ግልጽ የሥራ መለኪያና ፍትሐዊ ግምገማ ከሌለ ጭማሪው ወጪ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉም የበለጠ የማከብረው መልስ ከጀርመን የመጣ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ በታሪኳ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ወለል በሰዓት 8.50 ዩሮ ስታውጅ በርካታ ታዋቂ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ብዙ ሥራ ይጠፋል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ተመራማሪው ክርስቲያን ዱስትማንና ባልደረቦቹ መረጃውን ሲመረምሩ ደመወዝ ጨምሯል፣ የተፈራው የሥራ መጥፋት ግን አልታየም። የታየው ዝውውር ነው። አነስተኛ ከፋይ ከሆኑ ደካማ ድርጅቶች ሠራተኞች ወደ ትልልቅና የተሻለ ወደሚያመርቱ ተዛወሩ። አንዳንድ ጥቃቅን ድርጅቶች ከገበያ ወጡ፤ ሠራተኛውም ከቤቱ ራቅ ብሎ መሥራት ግድ ሆነበት። እንግዲህ የአንድ አገር ምርታማነት የሚያድገው እያንዳንዱ ድርጅት ስለተሻሻለ ብቻ አይደለም። ሰው ከማይረባ አሠራር ወጥቶ ወደ ተሻለው ስለሚሄድም ነው። በጣም ርካሽ ደመወዝ ደካማውን ድርጅት አስታሞ ያኖረዋል፤ ወለሉ «ተሻሻል ወይም ቦታ ልቀቅ» ይለዋል።

ይህ ጨካኝ ሊመስል ይችላል። የተዘጋው ድርጅት ባለቤትም ሰው ነውና ይህን በቀላሉ አልናገረውም። ስለዚህ ወጪውን ማን ይሸከማል የሚለውን በሐቀኝነት እንመልከት። ሃንጋሪ ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ ከ25,500 ፎሪንት በጃንዋሪ 2001 ወደ 40,000፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ 50,000 አሳደገች፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ማለት ይቻላል። ፒተር ሃራስቶሲና አቲላ ሊንድነር ባጠኑት መሠረት ከጭማሪው ወጪ 75 በመቶ ያህሉን በዋጋ ንረት መልክ የከፈለው ሸማቹ ነው፤ 25 በመቶውን የድርጅቶቹ ባለቤቶች። የጠፋው ሥራ በጥቅሉ ትንሽ ነበር፤ ዋጋ ለመጨመር በማይችሉ፣ በተለይም ለውጭ ገበያ በሚያመርቱ ዘርፎች ግን በርከት ብሏል። ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ፀጉር ቤትና ምግብ ቤት ዋጋ ጨምሮ ሊቋቋም ይችላል። የሐዋሳ ፋብሪካ ግን የሸሚዙን ዋጋ የሚቆርጥለት ኒውዮርክ ያለው ገዢ ነው። እሱ የሚያመልጥበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ሥራ የበለጠ ማምረት። ስለዚህ ለውጭ ገበያ የሚያመርተው ዘርፍ ወለሉን የሚቀበለው ጊዜ ሲሰጠውና እርምጃው አስቀድሞ ሲነገረው ነው።

እንዲህ ያለውን እርምጃ የሚወስነው የደመወዝ ቦርድ የሚባለው ዘዴ መጀመሪያ የተፈጠረውም በአብዛኛው በዚሁ በስፌት ሥራ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ የልብስ፣ የሸሚዝ፣ የጫማና የመሳሰሉትን ሠራተኞች ብዝበዛ ለማስቆም አሠሪና ሠራተኛ እኩል የሚወከሉበትን ቦርድ በሕግ አቋቋመች። ብሪታንያ በ1909 ተከተለች፤ ሰንሰለት መቀጥቀጥ፣ የተዘጋጀ ልብስ ስፌት፣ ካርቶን ሥራና ዳንቴል ማሳመር የመጀመሪያዎቹ ተመራጭ ዘርፎች ነበሩ። በ1910 በክሬድሊ ሂዝ ሰንሰለት የሚቀጠቅጡ ሴቶች ቦርዱ የወሰነላቸውን ለማግኘት ሳምንታት የፈጀ የሥራ ማቆም አድማ አድርገዋል፤ አሠሪዎቹ መብታቸውን እንዲተዉ የሚያደርግ ወረቀት እያስፈረሟቸው ነበርና። ሕግ ስለወጣ ብቻ እንደማይከበር ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ሪቻርድ ቶኒ የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1915 ስለ ልብስ ስፌቱ ዘርፍ ባሳተመው ጥናት የተፈራው ሥራ አጥነት እንዳልመጣ፣ ይልቁንም አሠሪዎች አደረጃጀታቸውንና መኪናቸውን ወደ ማሻሻል እንዳዘነበሉ ጽፏል። ርካሽ እጅ ሲቀርባቸው ያላሰቡትን እጁ ሲወደድ አሰቡት።

ወደ አገራችን ልመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች የሚገኙበት፣ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ደንግጓል። ሥልጣንና ኃላፊነቱ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ይላል። ይህ የተጻፈው ከዓመታት በፊት ነው፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በየሜይ ዴይ ሲጠይቅ ኖሯል። በመካከሉ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ወለሉን ከፍ አድርጓል። በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6,000 ብር አደገ። ለጽዳት ሠራተኛውና ለጥበቃው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ይገባዋል የተባለው ነገር መንገድ ተሻግሮ በግል ድርጅት ሲቀጠር ለምን እንደማይገባው ማስረዳት ከባድ ነው።

«ኢንቨስተር ይሸሻል» የሚለውንም ልመልስ። ፒቪኤች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የሐዋሳ ፋብሪካውን ዘጋ። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ታገደች፤ ከዚያ በኋላ ሌሎችም ቀነሱ ወይም ሄዱ። ያኔ የደመወዝ ወለል አልነበረም። የዓለም ዝቅተኛ ደመወዝ ይዘን ገዢው ሊቆይልን አልቻለም፤ ምክንያቱም የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀረጡ፣ የመብራት መቆራረጡ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ፣ በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ጨርቅ መዘግየቱ ከደመወዙ ይበልጥ ይመዝኑ ነበር። በርካሽነት ብቻ የመጣ ባለሀብት ሌላ ርካሽ እንዳገኘ ይሄዳል። ሠልጥነው በቆዩ እጆች ላይ ፋብሪካውን ያቆመ ግን ሲለቅ የሚያጣው ነገር አለ።

ታዲያ ወለሉ ምን ዓይነት ይሁን? ቁጥር ከዚህ መድረክ አልጠራም፤ ቁጥሩን መተመን የቦርዱ ሥራ ነው። ሦስት ነገር ግን እጠይቃለሁ። በመጀመሪያ ወለሉ ሲወጣ የሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ደረጃ አብሮ ይታወጅ፤ ባለሀብቱ መኪናውን፣ ሥልጠናውን፣ የላይን አደረጃጀቱን የሚያስተካክልበት ጊዜ ይኑረው። ቀጥሎ የኑሮ ውድነቱን እየተከተለ በየዓመቱ ይከለስ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የነበረው ዋጋ ከግማሽ በታች እንደወረደ አይተናል፤ የማይከለስ ወለል በአንድ ዓመት ውስጥ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ቁጥርና አቅም ይደግ። ሕግ አክባሪው እየከፈለ ጎረቤቱ ካልከፈለ ወለሉ የሚቀጣው ሐቀኛውን ነው፤ ያን ጊዜ በጀርመን ያየነው ዝውውር ተገልብጦ ሰው ከተሻለው ድርጅት ወደ ባሰበት ይሄዳል።

ስጋት ያለበትን ቦታም አልሸሽግም። ሁለት ሰው ቀጥራ ሻይ ቡና የምትሸጥ እናት፣ በየሠፈሩ ያለ ትንሽ ብረታ ብረት ቤት፣ ከሐዋሳው ፋብሪካ ጋር በአንድ ቁጥር ሊመዘኑ አይችሉም። ሥራ ፈላጊው ወጣት ከሥራው በላይ በሆነበት አገር ወለሉ ከመጠን በላይ ከተሰቀለ የሚጎዳው ገና ያልተቀጠረው ነው። የቪክቶሪያና የብሪታንያ ቦርዶችም የጀመሩት ዘርፍ በዘርፍ ነው። እኛም በኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ በአበባ እርሻዎችና በጥበቃ ኤጀንሲዎች ብንጀምር መረጃው አለ፣ መዝገቡ አለ፣ አሠሪው ይታወቃል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ድርጅት የምታስተዳድሩ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ደንቡን ሳትጠብቁ በያዝነው ወር ከደመወዝ መዝገባችሁ አጠገብ ሌላ መዝገብ ክፈቱ። ስንት ሰው ለቀቀ፣ ስንቱን አዲስ ቀጠርን፣ አዲሱ ታርጌት እስኪሞላ ስንት ሳምንት ፈጀ፣ ስንት ልብስ ተፈትቶ እንደገና ተሰፋ የሚለውን ጻፉበት። ዓመት ሙሉ የተጻፈ እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ በቦርድ ፊት የሚቀርብ አሠሪ በግምት ከሚከራከር አሠሪ ይልቅ ይደመጣል፤ ለራሱም የሚጠቅመውን ያውቃል። የሠራተኛ ማኅበራትም እንዲሁ የምርቱን ቁጥር ይዘው ይቅረቡ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደግሞ አዋጁ ያዘዘውን ሊፈጽም ይገባል። ለቦርዱ መሠረት የሚሆነው አዋጅ ጸድቋል፤ ወካዮቹም በአሠሪው፣ በሠራተኛውና በመንግሥት በኩል የታወቁ ናቸው። ቦርዱ ሥራውን ይጀምር።